ዝናብ ሳይኖር ቆርቆሮው ጠብ ጠብ ይላል፦ ደብረ ብርሃን ላይ ጣሪያ እንዴት ይሙቅ?

የጠባሴ ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ላይ ለእናቴ 5 በ6 ሜትር የሆነች ባለ ሁለት ክፍል የእንጨት ቤት ሠርተንላታል። ቋሚውም ማገሩም ባህር ዛፍ ነው፤ ጭቃው የተመረገው ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። ክዳኑ ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ ገና የለውም። ህዳር ገብቶ ብርዱ ሲጠና አንድ ነገር ግራ አጋባን። ሰማዩ ጥርት ብሎ ያድራል። ጠዋት ፀሐይ ቆርቆሮውን ስትነካው ከውስጥ ጠብ ጠብ ይላል። እማዬ ብርድ ልብሷ ላይ ላስቲክ ደርባ ነው የምትተኛው። አናጢያችን «ሚስማሩ ጋ ቀዳዳ አለ፣ በሲሊኮን ይደፈን» ይላል። እናስደፍን ወይስ ኮርኒሱን እናስቀድም? ለሙቀትስ ከኮርኒሱ በላይ ምን ይሞላ? ጭድ እንደሆነ በሽ ነው።

አሮጌው አናጢ
ልጄ፣ ለሲሊኮን ገንዘብ አታውጪ። ይሄ ፍሳሽ አይደለም፣ ቆርቆሮው አልቦት ነው። ጎህ ሲቀድ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ባትሪ አብርታችሁ ወደ ላይ እዩ። ወደ ውስጥ የወጣው የሚስማር ጫፍ ሁሉ ጤዛ ወይም አመዳይ ይዞ ታገኙታላችሁ። ቀዳዳ ቢሆን ኖሮ ጠብታው የታወቀ ቦታ ይኖረው ነበር። ደግሞስ ዝናብ ሳይኖር ምኑ ያፈሳል? እግረ መንገዳችሁን ግን ሚስማሩ የተመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ መሆኑን አረጋግጡ። ጎድጓዳው ላይ ከሆነ እውነተኛውን ፍሳሽ ሐምሌ ላይ ታዩታላችሁ።

ሚኒሶታ ነኝ
እኔ እዚህ የጣሪያ ሥራ ላይ ነኝ፤ አሮጌው አናጢ ያሉት ልክ ነው። የእኛም ቤት ከኮርኒሱ በላይ ባለው ባዶ ቦታ ጥር ላይ ሚስማሩ ነጭ ይሆናል። ደመና በሌለበት ሌሊት ስስ ብረት ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቅና ከአካባቢው አየር እንኳ በታች ይቀዘቅዛል። ከስር ደግሞ ትንፋሽ አለ፣ የድስት እንፋሎት አለ፣ ከሁሉ በላይ ያልደረቀ ግድግዳ አለ። ያ ምርግ ሲቦካ ስንት ባልዲ ውሃ እንደጠጣ አስቢው። ሲደርቅ እርጥበቱ ወደ ቤት ውስጥም ይወጣል።

እኔ ብሆን ከታች ኮርኒስ፣ በላዩ ላስቲክ፣ በላስቲኩ ላይ ሙቀት የሚይዘውን ነገር አደርጋለሁ። ከዚያ እስከ ቆርቆሮው ያለው ባዶ ይተዋል። ላስቲኩ ከሁሉም በላይ ከሆነ እርጥበቱ ከስሩ ታፍኖ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። የአምፖሉ ሽቦ የሚያልፍባት ቀዳዳም ትደፈን፤ እንፋሎት ጠባብ መንገድ ይበቃዋል።

ባዶው ቦታ መተንፈስ አለበት። እዚህ የምንጠቀምበት ልኬት ለ150 ካሬ ሜትር ኮርኒስ 1 ካሬ ሜትር መተንፈሻ ነው። ለእናንተ 30 ካሬ 0.2 ካሬ ሜትር ይሆናል። በሁለቱም የጣሪያ ጫፍ 30 በ35 ሳንቲሜትር የሆነ አንድ አንድ ክፍት ቦታ ማለት ነው። በወንፊት ሽቦ ሸፍኑት፣ አለዚያ ወፍ ይወርሰዋል። ሽቦው አየር ስለሚቀንስ ትንሽ ሰፋ አድርጉት።

ጤና ጣቢያ የምሠራ
የሚኒሶታው ወንድሜ ያልከው ጥሩ ነው፣ ግን እናቶቻችን ማታ የሚሞቁት ከሰል አንድደው ነው። አሁን ቤቱ በየስንጥቁ ይተነፍሳል። ኮርኒስና ላስቲክ ሲገባለት ነገሩ ሌላ ነው። ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ሲጠፋ ሰው ተዝናንቶ በሩን ይዘጋል። ገዳዩ ጋዝ ግን ሽታም ቀለምም የለውም፣ ከፍሙም ይወጣል። መጀመሪያ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ነው፤ የተኛ ሰው ይሄንንም ሳያውቀው ይሄዳል። እህቴ፣ ማንደጃው ጭራሽ መኝታ ቤት አይግባ። ወጥ የሚሠራውም ሌላ ቦታ ይሁን። ይሄን ለእማማ ደጋግመሽ ንገሪያቸው፣ ብርድ ሲበረታ ይረሳል።

አሮጌው አናጢ
እውነት ነው። ጭዱንም ተዉት። አይጥ ይሰፍርበታል፣ ከረጠበ ይሸታል፣ ከሽቦ እሳት ከያዘው ደግሞ ማን ያጠፋዋል? ባለ 5 ሳንቲሜትር ፎም ይሻላል። እሱም ቢሆን ይነዳል፣ ጭሱም መርዝ ነው። ስለዚህ የመብራቱ ሽቦ በቱቦ ውስጥ ይለፍ፣ ፎሙንም አይንካው።

የጠባሴ ልጅ (ጠያቂ)
ጋሼ፣ ባሉት መሠረት እማዬ ባትሪ አብርታ አየችው። «ሚስማሩ ሁሉ ጨው የነሰነሱበት መስሏል» አለችኝ በስልክ። አናጢውም አይቶ ዝም አለ። ከሰሉን ነግሬያታለሁ፣ ትንሽ አኩርፋለች። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ለጊዜው እጃችን ስላጠረ በማዳበሪያ ኮርኒስ ላይ ፎሙን ብንጥለውስ?

አሮጌው አናጢ
ማዳበሪያ ብቻውን አይሸከምም፣ ሆዱ ይወርዳል። ሞራሌ በየ60 ሳንቲሜትሩ ይመታ። ፎሙን ሞራሌው ይሸከመው፣ ላስቲኩ ከፎሙ ስር ይግባ፣ ማዳበሪያው ከታች ለመልክ ይወጠር። ግን አሁን አይደለም። መጀመሪያ ምርጉ ይድረቅ። ቀን ከ4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት በርና መስኮቱን ክፈቱት፤ የበጋው ነፋስ ደረቅ ነው፣ ሥራውን ይሠራል። ለሌሊቱ ከአልጋው በላይ አንድ ላስቲክ ወደ ግድግዳው አዘቅዝቃችሁ ወጥሩ፣ ጠብታው ዳር ባለ ባልዲ ውስጥ ይግባ። እስከ ጥምቀት ይደርቃል ብዬ እገምታለሁ። ፎሙን ከአሁኑ ከገዛችሁት ጥላ ስር አስቀምጡት፣ ፀሐይ ያፈረፍረዋል።