ፖከር በገንዘብ ልጀምር ብዬ ግራ ገብቶኛል፣ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከጅማ ነኝ። ቴክሳስ ሆልደም ፖከር በስልኬ በነጻ ቺፕ ስጫወት ቆይቻለሁ፤ ሕጉን በደንብ አውቀዋለሁ። አሁን በትንሽ ገንዘብ ልጀምር ስል ሁለት ነገር ያዘኝ።

አንዱ ክፍያው ነው። የኦንላይን ፖከር ድረ ገጹ የባንክ ካርዴን አልቀበል አለኝ። መርካቶ ያለ ጓደኛዬ «ብሩን በቴሌብር ላክለት፣ ዶላሩን የሚሞላልህ ልጅ አለ» ይለኛል። ለማላውቀው ሰው ብር መላክ በጣም ይከብደኛል፤ በሕግ በኩል የሚያመጣውም ጣጣ ያሳስበኛል። ቢገባልኝስ፣ ያሸነፍኩትን በምን አወጣዋለሁ? ከሁሉም በላይ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው።

ሌላው ሂሳቡ ነው። በእጄ ሁለት ቀይ ልብ ይዣለሁ እንበል፤ ከተገለጡት ሦስት ካርታዎች ሁለቱ ልብ ናቸው። ካላየኋቸው 47 ካርታዎች 9ኙ ልብ ስለሆኑ፣ በሚቀጥለው ካርታ አምስት ልብ የመሙላት ዕድሌ 19 በመቶ ገደማ ነው፤ የቀሩትን ሁለት ካርታዎች ካየሁ 35 በመቶ ይደርሳል። መሐል ላይ 8 ሳንቲም አለ፣ ተጋጣሚዬ 4 ጨመረ። እኔም 4 ከፍዬ ለመቀጠል ቢያንስ 25 በመቶ ዕድል ያስፈልገኛል። ታዲያ የትኛውን ቁጥር ልያዝ? በ19ኙ ካሰብኩ መጣል አለብኝ፣ በ35ቱ ግን መቀጠል። ተጋጣሚዬ በአራተኛው ካርታ ላይ ደግሞ ቢጨምርብኝስ?

የማስበው የግዴታ መነሻ ውርርዱ 1 እና 2 የዶላር ሳንቲም የሆነ ጠረጴዛ ነው፤ አንድ ሙሉ መግቢያ 2 ዶላር። ለ20 መግቢያ 40 ዶላር መያዝ ይበቃል? ከቤት ወጪ የሚነካ ብር አላስገባም፣ ቆርጫለሁ።

በተለይ ከኢትዮጵያ ሆናችሁ ገንዘብ አውጥታችሁ የምታውቁ፣ እባካችሁ ጻፉልኝ።