«መኪና በራሷ አትሮጥም» ላላችሁ

የማራኪዋ፦
ትናንት ፒያሳ ሻይ ቤት የሰማሁት አንጀቴን አቃጥሎታል። ሰሞኑን አውቶ ፓርኮ አካባቢ የጎረቤቴ አውቶማቲክ ቪትዝ ከቆመችበት ተስፈንጥራ የሱቅ በር ገጭታለች። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። ጎረቤቴ «ፍሬን ረግጬ ነበር፣ መኪናዋ ግን ሄደች» አለች። ሻይ ቤት ያለው ሁሉ ሳቀባት። አንዱ ደግሞ «መኪና በራሷ አትሮጥም፣ ውሸቷን ነው» ብሎ ዘጋው። ሳይመረመር ሰው ውሸታም ይባላል እንዴ?

የአዘዞ መካኒክ፦
ያልኩት እኔ ነኝ፣ አልደብቅም። ሃያ ዓመት ጋራዥ ውስጥ ኖሬያለሁ። ፍሬን ከሞተር ይበረታል። ነዳጅ እስከ መጨረሻው ቢከፈትም፣ ደህና ፍሬን አጥብቀሽ ከረገጥሽው መኪናዋ ትቆማለች። ከቆመችበት ተስፈንጥራ ከሄደች እግሯ ፍሬኑ ላይ አልነበረም። መኪና በራሷ አትሮጥም።

ጎሃ ሥር፦
መካኒኩ እውነቱን ነው። አሜሪካ ውስጥ ኦዲ 5000 የሚባል መኪና ላይ ይኸው ጩኸት ተነስቶ ነበር። የመንግሥት መርማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጡት ሪፖርት አብዛኛው ፔዳል መሳሳት፣ ማለትም ፍሬን መስሎ ነዳጅ መርገጥ ነው አሉ። ፍሬን ካልተረገጠ ማርሹ ከፓርክ፣ ከማቆሚያው ቦታ፣ አልወጣ የሚለውም ከዚያ ጣጣ በኋላ ነው የተለመደው።

የማራኪዋ፦
እሺ፣ የቶዮታውስ? እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ሳንዲያጎ አጠገብ አልቆም ባለች ሌክሰስ፣ ያው ቶዮታ በሚሠራት መኪና ውስጥ፣ 4 ሰው አለቀ። መሪ የያዘው የአውራ ጎዳና ፖሊስ ነበር። እሱም ፔዳል ተምታቶበት ነው?

የአዘዞ መካኒክ፦
እህቴ፣ የዚያን ታሪክ ጨርሺዋ። የሌላ ሞዴል ምንጣፍ ተነጥፎባት ነበር። ምንጣፉ ነዳጅ መስጫውን ያዘው። ይሄ በራሷ መሮጥ አይባልም።

ባለ ታክሲ ቀበሌ 18፦
«በራሷ» ስትል ምን ማለትህ ነው? ምንጣፍ ከያዘው ሾፌሩ ነው የረገጠው? እኔ ላይ ደርሷል። ከጎሃ ቁልቁል ስወርድ ነዳጅ መስጫውን ለቀቅኩ፣ አልመለስ አለ። ሞተሩ ጮኸ። ፍሬኑን ደጋግሜ ስመታው እንደ ድንጋይ ደረቀብኝ። ፎሌ አድርጌ፣ ማለት ማርሹን ከሞተሩ ለቅቄ፣ በእጅ ፍሬን አግዤ ዳር ያዝኩ። ወርጄ ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ በሜትር አስቆርጬ የገዛሁት ላስቲክ ምንጣፍ ጫፉ ተጠቅልሎ ፔዳሉን ነክሶታል። ያን ቀን ብገጭ ኖሮ አንተ ውሸታም ትለኝ ነበር።

የአዘዞ መካኒክ፦
ደጋግመህ ስለመታኸው ነው የደረቀው። ነዳጅ ሙሉ ሲከፈት ለፍሬኑ ጉልበት የሚሰጠው ቫኪዩም፣ ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጠረው ኃይል፣ ያልቃል። አንዴ አጥብቀህ ረግጠህ አለመልቀቅ ነው። ፎሌ ማድረግህ ግን ነፍስህን አትርፏል። እግዜር ይስጥህ፣ ይህን ሁሉም ሾፌር ይወቀው።

ባለ ታክሲ ቀበሌ 18፦
ለምክሩ አመሰግናለሁ። «በራሷ» ያልከውን ግን አልመለስክልኝም።

ሸዋ በር፦
አውቶማቲክ ለሴት መሸጥ ሲቀር ይሄም ይቀራል።

የማራኪዋ፦
አፍህን ሰብስብ። አሁን የተናገረው ባለ ታክሲ ወንድ ነው፣ የሌክሰሱም ፖሊስ ወንድ ነው። አንብበህ ጻፍ።

ጎሃ ሥር፦
ሸዋ በር፣ ነውር ነው። ከእኔ ጎን አትሰለፍ።

የቴዎድሮስ ግቢ ተማሪ፦
ጋሼ መካኒክ፣ በአክብሮት ነው። የድሮዎቹ መኪኖች ነዳጅ የሚሳበው በካቦ ነው። የአዲሶቹ ፔዳል ግን ለኮምፒውተር መልእክት ነው የሚልከው። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ሳይቀር ገብቶበት የቶዮታን ኤሌክትሮኒክስ 10 ወር መረመረ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. የካቲት 2011 ወጣ። ለእነዚያ አደጋዎች ምክንያት የሚሆን የኤሌክትሮኒክስ ጉድለት አላገኙም። እርስዎን ይደግፋል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ኦክላሆማ ውስጥ በ2005 ሞዴል ቶዮታ ካምሪ መኪና ጉዳይ የሶፍትዌር ባለሙያዎች መስክረው፣ የሕዝብ ዳኞች ቶዮታ ላይ ፈረዱ። «አላገኘንም» ማለትና «የለም» ማለት አንድ አይደለም።

ጎሃ ሥር፦
ፍርድ ቤት መሐንዲስ አይደለም።

የማራኪዋ፦
ሻይ ቤትስ ነው? ቶዮታ እኮ እ.ኤ.አ. በ2014 1.2 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። ንጹሕ ሰው ይህን ያህል ይከፍላል?

የአዘዞ መካኒክ፦
የከፈለው ስለ ምንጣፉና ተጣብቆ ስለሚቀረው ፔዳል ለደንበኛም ለመንግሥትም እውነቱን ስላልተናገረ ነው። ኮምፒውተሩ አበደ ብሎ አይደለም። ሁለቱን አታምታቺብኝ።

ባለ ታክሲ ቀበሌ 18፦
ተጣብቆ የሚቀር ፔዳል! አሁን ራስህ አልከው። እግር ተነስቶለት ፔዳል ካልተመለሰ፣ መኪናዋ በማን ነው የምትሮጠው?

የአዘዞ መካኒክ፦
በብልሽት ነው። ብልሽት ደግሞ ይታያል። መኪናዋን አምጧት፣ በነጻ እፈትሻታለሁ።

የማራኪዋ፦
በማግስቱ ተጎትታ ሄዳለች። አጥበው፣ ወለሏን ጠርገው፣ ምንጣፉን ፀሐይ ላይ አስጥተውታል። ማን አየው ከዚያ በፊት? አንተ አይተሃል?

የአዘዞ መካኒክ፦
አላየሁም።

የማራኪዋ፦
ታዲያ «ውሸቷን ነው» ያልከው በምን አይተህ ነው? ይህች ሴት ከዚያ ቀን ወዲህ መሪ አልያዘችም። ልጆቿን በባጃጅ ነው የምትልካቸው።

የአዘዞ መካኒክ፦
ለእሷ አዝናለሁ፣ ከልቤ ነው። መኪና በራሷ አትሮጥም ያልኩት ግን እንዳለ ነው።

ባለ ታክሲ ቀበሌ 18፦
«በራሷ» ምን እንደሆነ እስክትነግረኝ እዚሁ ነኝ።