የአውሮፕላኑ ግራ ግራ አጋባኝ!

ጀማሪው (ጠያቂ)፦
ሰላም ቤተሰብ። ገልፍ አገር አንድ አየር ማረፊያ ራምፕ (አውሮፕላን ቆሞ የሚጫንበትና የሚራገፍበት ሜዳ) ላይ ሥራ ከጀመርኩ ሁለት ሳምንቴ ነው። ትናንት አለቃዬ በሬዲዮ «በግራው ሞተር በኩል ላስቲክ ወድቋል፣ አንሳው» አለኝ። እኔ የቆምኩት ከአፍንጫው ፊት ለፊት ነበር። በግራዬ ሄጄ ብፈልግ ብፈልግ ምንም የለም። ለካ ላስቲኩ ያለው በወዲያኛው ነው። ሳቁብኝ። ግራ የሚባለው የማን ግራ ነው? «ቁጥር አንድ ሞተር»ስ የቱ ነው? ደግሞ «ሦስት ሰዓት ላይ መኪና አለ» ይላሉ፤ እኔ ሞኙ ሰዓቴን አየሁ።

የጥገናው ልጅ፦
አይዞህ ወንድሜ፣ ሁላችንም አልፈንበታል። ግራና ቀኝ የአውሮፕላኑ ነው፣ ያንተ አይደለም። አብራሪው ወንበር ላይ ወደ ፊት እያየህ የተቀመጥክ አድርገህ አስበው። ካፒቴኑ የሚቀመጥበት ወገን ግራ ነው። ሞተርም ከግራ ወደ ቀኝ ይቆጠራል። ሁለት ሞተር ካለው 1 ግራ፣ 2 ቀኝ። አራት ከሆነ ከግራ ዳር ጀምረህ እስከ ቀኝ ዳር 1፣ 2፣ 3፣ 4። እንደ ድሮው ቦይንግ 727 ሦስት ሞተር ካለው ጅራቱ ላይ ያለው መሃለኛው 2 ነው።
ቀላል ዘዴ ልስጥህ፦ አፍንጫው ፊት ከሆንክ ዞር በልና ጀርባህን ለአውሮፕላኑ ስጠው። አሁን ግራህና ግራው አንድ ሆኑ።
ፕሮፔለር «በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል» ሲባልም ከኋላ ሆኖ ለሚያየው ነው። ከፊት ሆነህ አረጋግጣለሁ ብለህ ግን እንዳትጠጋ!

የቀድሞ ሆስተስ፦
እኔ የማስታውሰው በበሩ ነው። መንገደኛ የሚገባው በግራ ነው። በ737 እና በኤርባስ 320 ደግሞ የሻንጣው በሮች በቀኝ ናቸው። ስለዚህ ደረጃው የቆመበት ግራ፣ ሻንጣ የሚጫንበት ቀኝ። ማታ ከሆነ የክንፉን ጫፍ መብራት እይ፦ ቀይ ግራ፣ አረንጓዴ ቀኝ። አፍንጫው ወዳንተ ሲመጣ ግን ቀዩ በቀኝህ በኩል እንደሚታይህ አትርሳ።

ጎታቹ፦
የሰዓቱን ጉዳይ ማንም አልነካውም እኮ! ለሐበሻ ዋናው ወጥመድ እሱ ነው። አውሮፕላኑን ከላይ ሆነህ እንደምታየው የሰዓት ፊት አስበው፦ አፍንጫው 12 ነው፣ ቀኝ ክንፍ 3፣ ጅራት 6፣ ግራ ክንፍ 9። የሚነበበው የሰዓቱ ፊት ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። እኛ ግን የፈረንጁን «ሦስት» ስንሰማ ሳናስበው ወደ «ዘጠኝ» እንቀይራለን። ስድስት ሰዓት ልዩነት ማለት ደግሞ ልክ ተቃራኒው ጎን ነው። ቀኝ ሲሉህ ግራ ትሄዳለህ፣ አፍንጫ ሲሉህ ጅራት። እኔ አንድ ጊዜ ሠርቼዋለሁ፤ ደግነቱ ባዶ ጋሪ ነበር የምገፋው።
አውሮፕላን ወደ ኋላ ስንገፋማ ግራ ቀኝ ባንል ይሻላል። እኔ መኪናዬ ላይ ሆኜ የማየው አፍንጫውን ነው፣ አብራሪው ደግሞ እኔን። «አፍንጫው ወደ ምሥራቅ ይዙር» ከተባለ ግን ማንም አይሳሳትም።

ሰነፉ፦
ይሄን ያህል ምን ያስጨንቃል? «በዚያ በኩል» ብሎ በእጅ ማሳየት ነው።

የጥገናው ልጅ፦
በሬዲዮ እጅ አይታይም ወዳጄ። ደግሞ ወገን መሳሳት ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1989 ከሎንደን ወደ ቤልፋስት ሲበር የነበረ 737 ግራ ሞተሩ ተበላሸ። አብራሪዎቹ ያጠፉት ግን ደህናውን ቀኙን ነው። ኬግወርዝ አጠገብ ወደቀና 47 ሰው ሞተ። ከግራው እሳት ሲወጣ ያዩ መንገደኞች ነበሩ። ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያ «ቀኙን አጥፍተናል» ሲል ሰምተዋል፣ ነገር ግን ማንም አልነገረውም። እዚያ የተሳሳቱት ሞተሩን በመለየት ነው፣ እንደ ጀማሪው «የማን ግራ» በሚለው አይደለም። ቢሆንም ወገን ሲነገርህ ደግመህ አረጋግጥ።

ሲሙሌተር ወዳዱ፦
ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። ማኮብኮቢያም ላይ ይሄው ነገር አለ። ቦሌ ጎን ለጎን የተዘረጉ ሁለት ማኮብኮቢያዎች አሉት። ቁጥሩ የኮምፓስ አቅጣጫው ሲሆን የመጨረሻዋ ዜሮ ትቀራለች፤ 07 ማለት ወደ 70 ዲግሪ ገደማ ነው። ከወዲያኛው ጫፍ ስትመጣ ያው አስፋልት 25 ይሆናል። «07 ግራ» የተባለውም «25 ቀኝ» ይባላል። አስፋልቱ አልተነቃነቀም፣ የዞረው አብራሪው ነው።

ጀማሪው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ኑሩልኝ። ዛሬ «ቁጥር ሁለት ጋ ጋሪ አንሳ» ሲሉኝ ጀርባዬን ለአፍንጫው ሰጥቼ ቆምኩና ቀጥ ብዬ ሄድኩ። አለቃዬ «ምን ሆነህ ነው የምትሽከረከረው?» አለኝ እንጂ ጋሪው እዚያው ነበር።