ጦጣዋ ስትሳሳት፦ አላየችም፣ ረሳች ወይስ አልፈለገችም?

ብሩክታይት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ለሁለተኛ ዲግሪ ሴሚናር የማዘጋጀው ርዕስ እይታ፣ ትውስታና ተነሳሽነት በአንጎል ውስጥ እንዴት እንደሚገናኙ ነው። መነሻዬ ባሪ ሪችመንድ በአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ከባልደረቦቹ ጋር በሬሰስ ጦጣዎች ላይ የሠራቸው ጥናቶች ናቸው። አንድ ነገር ግን አልፈታ ብሎኛል። ራይናል ኮርቴክሷ (በአንጎል የጎን ክፍል፣ በቴምፖራል ሎብ፣ በውስጥ በኩል ያለው ንጣፍ) የተወገደ ጦጣ የስህተቷ መልክ ሲቀየር «ስክሪን ላይ የሚወጣው ምልክት ስለ ሽልማቱ የሚናገረውን መማር አቃታት» ይባላል። ምስሉን በደንብ ባታየውስ? አይታው ብትረሳውስ? ወይስ ሽልማቷ የሆነው ጭማቂ ባያጓጓትስ? ሦስቱም የሚያበቁት እዚያው ነው፤ በእጇ የያዘችውን ዘንግ በጊዜው አለመልቀቅ። በምን ይለያሉ? አሠራሩን ከነቁጥሩ ብታስረዱኝ።

ኮርቴክስ12

ብሩክታይት፣ መለያው የስህተቱ ብዛት ሳይሆን ስህተቱ የት የት እንደሚበዛ ነው። አሠራሩን ላስቀድም።

ጦጣዋ ወንበሯ ላይ ሆና ዘንግ ትይዛለች። ስክሪኑ ላይ ምልክት የሚሆን ምስል ይወጣል፤ በመሃል ቀይ ነጥብ ይበራል። ነጥቡ ቆይታው በማይገመት ጊዜ፣ ለምሳሌ ከ0.4 እስከ 1.2 ሰከንድ ውስጥ፣ አረንጓዴ ይሆናል። ከዚያ ከ0.2 እስከ 1 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ዘንጉን ከለቀቀች ነጥቡ ሰማያዊ ይሆንና ትክክል መሆኗን ይነግራታል። ቀይ ሳለ መልቀቅም፣ ከአረንጓዴ በኋላ መዘግየትም ስህተት ነው።

ጭማቂው የሚመጣው በዙሩ የመጨረሻ ሙከራ ላይ ብቻ ነው። አንድ ዙር 1፣ 2 ወይም 3 ሙከራ ሊኖረው ስለሚችል በጠቅላላው 6 ሁኔታዎች አሉ፦ 1 ከ1፣ 1 ከ2፣ 2 ከ2፣ 1 ከ3፣ 2 ከ3 እና 3 ከ3። የትኛው ላይ እንዳለች የሚነግራት ያ ምልክት ብቻ ነው። ስትሳሳት ዙሩ ወደ ኋላ አይመለስም፤ ያንኑ ሙከራ ትደግማለች። ይህ ትንሽ የሚመስል ዝርዝር ትልቅ ሥራ ይሠራል፤ መሳሳት የትም ቦታ ምንም አያተርፍላትም፣ ጭማቂውን ያዘገይባታል እንጂ። ስለዚህ ጤነኛዋ ጦጣ ሽልማቱ ሩቅ ሲሆን የምትሳሳተው ሥራው ስለከበዳት ሳይሆን ለመሥራት ያላት ፍላጎት ስለቀነሰ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። በ6ቱም ሁኔታዎች የሚፈለገው እንቅስቃሴ አንድ ነው፣ የቀይና አረንጓዴ ለውጡም አንድ ነው። ሽልማት ባለበት ሙከራ ስህተቷ ዝቅ ካለ ዓይኗም እጇም ይሠራል ማለት ነው፤ ጭማቂውንም ትፈልገዋለች። ሁለተኛው ማጣሪያ ምልክቶቹን በዘፈቀደ ማቅረብ ነው። ምልክቱ ከዙሩ ጋር ምንም ግንኙነት ሳይኖረው ሲወጣ ጤነኞቹ ጦጣዎች በሁሉም ሙከራ ጥቂት ብቻ ይሳሳታሉ። ተነሳሽነቱን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የምልክቱ ትርጉም እንደሆነ ከዚህ ይታወቃል።

ራይናል ኮርቴክስ ከተወገደ በኋላ የጠፋው ይህ ከፍና ዝቅ ነው። በ2004 የታተመው ጥናት ደግሞ ቆርጦ ማውጣት ሳያስፈልግ፣ በራይናል ኮርቴክስ ዲ2 የሚባለው፣ የዶፓሚንን (ከሽልማት ጋር የተያያዘ የአንጎል ኬሚካል) መልእክት የሚቀበል ፕሮቲን እንዳይመረት የሚያደርግ የዲኤንኤ ቁራጭ በመርፌ ሰጥቶ ተመሳሳይ ነገር አሳየ። ጦጣዎቹ የአዲስ ምልክቶችን ትርጉም መማር አቃታቸው፤ ሽልማቱ ቅርብም ይሁን ሩቅ በእኩል ትጋት ሠሩ። ከሳምንታት በኋላ ችሎታቸው ተመለሰ። «ጭማቂው ባያጓጓትስ» የሚለውን ግምት የሚያፈርሰው ይህ ይመስለኛል፤ የሰነፈች ጦጣ ስህተቷ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ሰብለ ኤም

ከላይ ባለው እስማማለሁ፤ ትውስታን በሚመለከት ግን ጠበቅ መደረግ አለበት። ራይናል ኮርቴክስ ለማስታወስ ራሱ ወሳኝ ስለሆነ «ትውስታ ችግር አልነበረም» ብሎ በደፈናው መናገር አይቻልም።

የትውስታው መለኪያ ሌላ ሙከራ ነው። ጦጣዋ አንድ ዕቃ ገፍታ ከሥሩ ምግብ ታገኛለች። መጋረጃው ለ10 ሰከንድ ይዘጋል። ቀጥሎ ያው ዕቃና አንድ አዲስ ዕቃ አብረው ይቀርባሉ፤ ምግቡ ያለው ከአዲሱ ሥር ነው። በግምት ብቻ 50 በመቶ ይገኛል፤ የተለመደው የማለፊያ ነጥብ 90 በመቶ ነው። ከዚያ በኋላ መቆያው ወደ 30፣ 60፣ 120 ሰከንድ ይረዝማል። በአጭሩ መቆያ ጥሩ ሆና በረጅሙ ከወደቀች ትውስታ ነው፤ በአጭሩም ከወደቀች እይታን ወይም የሙከራውን ደንብ መጠርጠር ነው። ዕቃዎቹ በየሙከራው አዲስ መሆን አለባቸው። ጥቂት ዕቃዎችን እያፈራረቁ ከተጠቀሙ ጦጣዋ የምትመልሰው «ይህን አይቼዋለሁ ወይ?» የሚለውን ሳይሆን «ቅርብ ጊዜ ያየሁት የቱን ነው?» የሚለውን ይሆናል፤ ውጤቱም ሌላ ነገር ይለካል።

በሽልማት ዙሩ ሙከራ ግን ምልክቱ እየታየ ስለሚሠራ በአእምሮ ይዞ መቆየት አያስፈልግም። የአጭር ጊዜ ትውስታ የሚወጣው በዚህ ነው። የሚቀረው ምስሉንና የሽልማቱን ርቀት አያይዞ በዘላቂነት መማር ነው፤ ጥናቱ የሚለውም እሱን ነው እንጂ ከትውስታ የተለየ ሌላ ነገር አይደለም። ሴሚናርሽ ላይ ይህን ለይተሽ ብታስቀምጪ ጠያቂ አያስጨንቅሽም።

ሌላው አንጎሉ እንዴት እንደተጎዳ ነው። በ1978 ተመራማሪው ሞርቲመር ሚሽኪን አሚግዳላና ሂፖካምፐስ የሚባሉት የቴምፖራል ሎብ ውስጣዊ ክፍሎች አንድ ላይ ሲወገዱ ዕቃ የማስታወስ ችሎታ ክፉኛ እንደሚወድቅ አሳየ፤ ለዓመታት ጥፋቱ የእነዚህ ሁለቱ ይመስል ነበር። የተወገዱት ግን በመምጠጥ ነበር፤ መምጠጡ ከሥር ያለውን ራይናል ኮርቴክስ ይነካል። በ1998 ኤሊዛቤት መሪ (Murray) እና ሚሽኪን የነርቭ ህዋሶችን ገድሎ በአካባቢው የሚያልፉትን የነርቭ መስመሮች በሚተው መርዝ ሁለቱን ክፍሎች ሲያጠፉ ማስታወሱ ደህና ሆኖ ተገኘ። ከዓይን በላይ ባለው የአንጎል ፊት ክፍል፣ በኦርቢቶፍሮንታል ኮርቴክስም እንዲሁ፤ በ2013 በመርዝ የተሠራው ጉዳት፣ በመምጠጥ ታይቶ የነበረውን፣ ሽልማቱ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ሲዛወር ምርጫን የመገልበጥ ችግር አላመጣም። አንድ ጽሑፍ ስታነቢ ከውጤቱ በፊት የጉዳቱን ዘዴ ፈልጊ።

ብሩክታይት (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁም። ትውስታው ተለይቶልኛል። እይታና ተነሳሽነት ግን አሁንም ይደባለቁብኛል። ምስሎቹ ለመለየት ከባድ ቢሆኑ፣ ያልተለየላት ጦጣና ግድ የሌላት ጦጣ ስህተታቸው አይመሳሰልም?

አንተነህ ለ.

በስህተት ብዛት ብቻ ካየሽው ይመሳሰላል። ለዚህ የተሠራ የድመትና ውሻ ሙከራ አለ። ዘንጉና ቀይ አረንጓዴው ያው ነው፤ ግን አንደኛው ዓይነት እንስሳ ሲታይ በአረንጓዴ መልቀቅ ጭማቂ ያስገኛል፣ ሌላው ሲታይ በአረንጓዴ መልቀቅ የቅጣት ጥበቃ ያስከትላል። ያን ቅጣት ለማምለጥ በቀይ ትለቅና ወደሚቀጥለው ታልፋለች። አሁን ሁለት ቁጥር አለሽ፤ ለእያንዳንዱ ዓይነት በቀይ የለቀቀችበት መጠን። ስንፍና ወይም ጥጋብ ሁለቱንም ወደ አንድ አቅጣጫ ይገፋል፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን ይቆያል። እይታ ሲዳከም ርቀቱ ራሱ ይጠባል። ርቀቱን በሲግናል ዲቴክሽን ስሌት (የመለየት ችሎታን ከመልቀቅ ዝንባሌ ለይቶ የሚለካ ዘዴ) አስይው፤ የመቶኛ ልዩነት ብቻ መውሰድ ያሳስታል።

በ2018 የታተመው ጥናት በዚህ መንገድ ድመትና ውሻን በደረጃ ያዋሃዱ ምስሎችን አቅርቦ፣ ቲኢ የሚባለው የቴምፖራል ሎብ ክፍል ሲወገድ መለየት እንደሚዳከም፣ ራይናል ኮርቴክስ ሲወገድ ግን እንደማይዳከም አሳይቷል። ለመጀመሪያ ጥያቄሽ ከሁሉ የቀረበው ማስረጃ ይኸው ነው፤ ራይናል ኮርቴክስ የሌላት ጦጣ ታያለች።

ለተነሳሽነቱ ደግሞ ሽልማቱን 1፣ 2፣ 4 እና 8 ጠብታ አድርገው ይለካሉ። ስህተት ከሽልማቱ መጠን ጋር በተገላቢጦሽ ይሄዳል፤ ጠብታው እጥፍ ሲሆን ስህተቱ ወደ ግማሽ ይጠጋል። የእይታ ወይም የእጅ ችግር ከተጨመረ በሁሉም የጠብታ መጠን ላይ ተቀራራቢ ስህተት ስለሚደመር፣ በ8 ጠብታ እንኳ መስመሩ ወደ ዜሮ አይጠጋም። የፍላጎት ለውጥ ከሆነ ግን ኩርባው ቅርጹን እንደያዘ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል።

መረጃ ስትመረምሪ የሚያበላሹ ነገሮች አሉ። ጦጣዋ እየጠጣች ስትሄድ ጥሟ ስለሚቀንስ የሙሉ ቀኑን አማካይ አትውሰጂ፤ በጠጣችው መጠን ቢያንስ በ4 ከፍለሽ እዪው። ቀድሞ መልቀቅንና መዘግየትን አትደባልቂ። ምልክቱ በብርሃን ድምቀት ብቻ የሚለይ ከሆነ የዓይን ብሌንም አብሮ ይለዋወጣል፤ በድምቀት የተመጣጠኑ ቅርጾች ይሻላሉ፣ የትኛው ቅርጽ ምን ማለት እንደሆነም ከጦጣ ጦጣ መቀያየር አለበት። በ60 ኸርዝ ስክሪን አንድ ፍሬም ወደ 16.7 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፤ ስለዚህ ምስሉ የወጣበትን ጊዜ ከኮምፒውተሩ ትእዛዝ ሳይሆን ስክሪኑ ጥግ ላይ ከተለጠፈ የብርሃን ዳሳሽ መውሰድ ነው፤ አለዚያ የነርቭ ህዋሱ ምላሽ ጊዜ ይዛባል።

ኮርቴክስ12

አንተነህ ያለውን ለማሟላት፦ በ2016 የወጣውን የኦርቢቶፍሮንታልና የራይናል ኮርቴክስ ጥናትም ጨምሪው። በአንዱ የአንጎል ወገን ራይናል ኮርቴክስ ተወግዶ በሌላው ወገን ኦርቢቶፍሮንታል ኮርቴክስ ላይ በቫይረስ የተላከ ተቀባይ ተተከለ፤ ሲኤንኦ የሚባለው መድኃኒት ሲሰጥ ያ ክፍል ለጊዜው ዝም ይላል። እያንዳንዱ ክፍል በአንድ ወገን ደህና ስለሆነ የሚቋረጠው የሁለቱ ግንኙነት ነው፤ በዚያን ጊዜ ጦጣዎቹ የሽልማት መጠንን የመለየት ችሎታቸው ቀነሰ። መድኃኒቱን ቫይረሱ ባልገባበት ሁኔታ ሰጥቶ ማነጻጸር ግዴታ ነው፤ ሲኤንኦ በሰውነት ውስጥ በከፊል ወደ ክሎዛፒን (ለአእምሮ ሕመም የሚሰጥ መድኃኒት) ስለሚቀየርና ክሎዛፒን በራሱ ተነሳሽነትን ስለሚነካ። በሲኤንኦ ምትክ በ2020 የቀረበው ዴስክሎሮክሎዛፒን በጣም በትንሽ መጠን ስለሚሠራ ይህን ችግር አቅልሎታል።