ምሳ በበላች በግማሽ ሰዓቷ ዓይኗ ይጨልማል፤ ምርመራው ሁሉ «ደህና ነው» ይላል። ምን ቀረ?

ልጇ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምጠይቀው ስለ እናቴ ነው። ዕድሜዋ 66 ነው፣ የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነው። አምስት ወር ሆነው፤ ምሳ በበላች ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ባለው ጊዜ ያዞራታል፣ ያዛጋታል፣ ዓይኗ ጭልም ይላል፣ ሰውነቷ ይዝላል። ሁለት ጊዜ ሳህን ልታነሳ ብድግ ስትል ወድቃለች። ጋደም ካለች በሃያ ደቂቃ ይለቃታል። ማስመለስ፣ ቁርጠት፣ ትኩሳት የለም። ቁርስ ላይ ቀለል ይላል፣ ራት ላይ የለም ማለት ይቻላል።
የደም ግፊት መድኃኒቷ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ኢናላፕሪል 10 ሚሊ ግራም፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 25 እና አምሎዲፒን 5 ነው፤ ሦስቱንም ባንዴ።
የጾም ስኳር 94፣ ሄሞግሎቢን 13.2፣ ኩላሊትና ጉበት ደህና፣ ግፊት ክሊኒክ ውስጥ 146/82። በደም ምርመራ የጨጓራ ባክቴሪያ አለብሽ ተብላ ሁለት ጊዜ ሙሉ ሕክምና ወስዳለች። አንዴ ደግሞ ታይፎይድ ተብላ ታክማለች። ለውጥ የለም። ቀጥሎ የትኛውን ምርመራ እንጠይቅ?

የሌሊት ተረኛ፦
እስካሁን የተለካው ሁሉ እናትህ ደህና በሆኑበት ሰዓት የተለካ ነው። ስኳሩ በባዶ ሆድ፣ ግፊቱ ክሊኒክ ተቀምጠው። ከምሳ በኋላ 40ኛው ደቂቃ ላይ ማንም አልለካቸውም።
እንደ አገላለጽህ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከምግብ በኋላ የሚመጣ የግፊት መውረድ ነው። ምግብ ሲገባ ብዙ ደም ወደ አንጀት ይሄዳል። ጤናማ ሰው ላይ ልብ ፈጠን ትላለች፣ የእጅና የእግር ደም ስሮች ይጠባሉ፣ ግፊቱም ባለበት ይቆያል። ዕድሜ ሲገፋ፣ ደም ግፊት ለዓመታት ሲቆይ፣ ስኳር ነርቭን ሲጎዳ ወይም ፓርኪንሰን ሲኖር ይህ ማካካሻ ይደክማል። ደሙ ሆድ ዕቃ ውስጥ ይጠራቀምና ለጭንቅላት የሚደርሰው ያንሳል። ጋደም ሲሉ የሚለቃቸው ደሙ ሽቅብ መውጣት ስለማይጠበቅበት ነው። በመጋደም ብቻ በሃያ ደቂቃ የሚጠፋ የጨጓራ ሕመም አይታወቅም፤ ይህን ማስተዋል ብቻውን አንዱን ዙር ሕክምና ያስቀር ነበር።
ልኬቱ ቤት ይሠራል። ክንድ ላይ የሚጠቀለል መለኪያ ተጠቀም፤ የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው እጅ ትንሽ ከፍና ዝቅ ሲል ቁጥሩን ያዛባል። ከምሳ በፊት ጀርባቸውን አስደግፈው፣ እግር ሳያጣምሩ አምስት ደቂቃ ይቀመጡ፣ ክንዳቸው በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ለክተህ አማካዩን ጻፍ። ከዚያ እንደወትሮው ይብሉ። ለምርመራ ተብሎ ምግቡ ከቀለለ ልኬቱ ከንቱ ነው። መብላት ከጀመሩበት አንስቶ እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ በየ15 ደቂቃው፣ እንደተቀመጡ፣ ለካ። ሲያዞራቸው የ15 ደቂቃውን ተራ አትጠብቅ፤ ያኔውኑ ለካ።
የላይኛው ቁጥር ከመነሻው በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ፣ ወይም መነሻው ከ100 በላይ ሆኖ ከ90 በታች ከገባ ጥርጣሬው ተረጋገጠ ማለት ነው። ቁጥሩ ከቀን ቀን ስለሚለያይ ሦስት ቀን ድገመው። በሌላ ጠዋት ደግሞ አምስት ደቂቃ አስተኝተህ ለካ፣ ከዚያ ቆመው በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ለካ። ሲቆሙ የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ያ ሌላ ችግር ነው፤ ሁለቱ አንድ ሰው ላይ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ።
የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ግን ልኬቱን ሳትጠብቅ አሁኑኑ ይነሣ፤ ራሱን ስቶ የወደቀ ሰው ሁሉ ያስፈልገዋል። ደረት ከያዛቸው፣ ከመውደቃቸው በፊት ልባቸው ከተንደፋደፈ፣ አፋቸው ከተጣመመ ወይም አንድ ጎን ከደከመ፣ ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ መለካቱን ተውና ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዳቸው።

ማይክሮስኮፕ፦
ከላቦራቶሪ በኩል ሦስት ነገር ልጨምር።
የጨጓራ ባክቴሪያ የደም ምርመራ የሚያሳየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት እሱን ለመከላከል የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ባክቴሪያው ከሞተም በኋላ ለረጅም ጊዜ ፖዘቲቭ ሆኖ ይቆያል፣ ስለዚህ «አሁንም አለብሽ» ብሎ ሁለተኛ ዙር ለማዘዝ አይበቃም። መጠየቅ ካለበት የሰገራ አንቲጅን (የባክቴሪያውን አካል ራሱን ሰገራ ውስጥ የሚፈልግ ምርመራ) ነው፤ ለዚያም ኦሜፕራዞልና መሰሎቹ ከተቋረጡ ሁለት ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ ካበቃ አራት ሳምንት መሙላት አለበት። አለበለዚያ በሐሰት ነጌቲቭ ይወጣል።
አንድ ጊዜ በተሠራ የዊዳል ምርመራ (የታይፎይድ የደም ምርመራ) ደግሞ፣ ትኩሳት ለሌለው ሰው፣ ታይፎይድ አይባልም። በሽታው በተስፋፋበት አገር ጤነኛ ሰውም ያ ምርመራ ፖዘቲቭ ሊሆንበት ይችላል። (ሲደክመን ሁሉ ታይፎይድ የምንባለው በዚህ የተነሣ ይመስለኛል።)
ሦስተኛው ስኳር ነው። ሲያዞራቸው ከግፊቱ ጋር የጣት ስኳርም ይለካ። መጀመሪያ እጅ በውኃና በሳሙና ይታጠብና ይድረቅ። ብርቱካን የነካ ጣት ስኳርን ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ እንጀራ በጣፋጭ ሻይ ለበላ ሰውም ያው ነው። በ40ኛው ደቂቃ ቁጥሩ ከ100 በላይ ከሆነ የስኳር መውረድ የሚባለው ነገር ከዝርዝሩ ይወጣል።

አዲስ አባል፦
ይቅርታ በሰው ጥያቄ ገባሁ። እህቴ 27 ዓመቷ ነው፣ ምንም መድኃኒት አትወስድም። እሷን የሚይዛት ከበላች ሦስት ሰዓት ገደማ ቆይቶ ነው፦ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ያልባታል፣ ትርበተበታለች፣ የሆነ ነገር ስትቀምስ ይተዋታል። ይሄም ግፊት ነው?

ማይክሮስኮፕ፦
ሰዓቱ አይገጥምም። የግፊቱ መውረድ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ይብሳል። ከተበላ ከ2 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚመጣ መንቀጥቀጥና ላብ የስኳር መውረድን ያስጠረጥራል። ግን ምልክቱ ብቻውን አይበቃም። ሦስት ነገር በአንድ ላይ መገኘት አለበት፦ ምልክቱ፣ በዚያው ደቂቃ ከ55 በታች የሆነ የስኳር ቁጥር፣ ስኳሩ ሲስተካከል የምልክቱ መጥፋት። ብዙ ሰው ሲለካ ቁጥሩ 80 እና 90 ሆኖ ይገኛል፤ ያኔ ጭንቀት፣ የእንቅርት ዕጢ፣ የልብ ምት መዛባት ይፈለጋል።
የቤት መለኪያ ከ100 በታች ሲሆን 15 ያህል ወደ ላይም ወደ ታችም ሊስት ይችላል። 58 ቢያሳይ እውነተኛው 70ም 45ም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዝቅ ያለ ቁጥር ከተገኘ ከደም ስር ይቀዳ፣ ግራጫ ክዳን ባለው ቱቦ። ቀይ ክዳን ቱቦ ውስጥ ሳይለይ የቆመ ደም በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ስኳሩን ይበላል፤ ጠዋት ተቀድቶ ከሰዓት በኋላ ከተሠራ ጤናማውን ሰው «ስኳርህ ወርዷል» ያሰኛል።
75 ግራም ግሉኮስ አጠጥቶ መለካት ለዚህ አይጠየቅ። ጤነኛ ሰውም በዚያ ሊወርድበት ይችላል። የተሻለው ሥጋም ቅባትም እህልም ያለበት ምግብ አብልቶ ለ5 ሰዓት ያህል መከታተል ነው። የጨጓራ ቀዶ ሕክምና፣ በተለይ ለውፍረት ተብሎ የተሠራ፣ ካለ ለሐኪሙ ቀድሞ ይነገር፤ መንገዱ ሌላ ነው።

ልጇ፦
ለካን። ቀን አንድ፣ ምሳ ሁለት እንጀራ በሽሮ። መነሻ 148/84። በ15 ደቂቃ 131፣ በ30 117፣ በ45 106/62፤ እዚህ ላይ ዞራት። በ60 109፣ በ90 124፣ በ120 137። ስኳር በ45ኛው ደቂቃ 138። ቀን ሁለት ትንሹ ቁጥር 111 ነው። ቀን ሦስት ግማሽ እንጀራ ብቻ በልታ ከ126 በታች አልወረደም፣ አላዞራትም። ከመተኛት ስትነሣ ከ144 ወደ 128። የልብ ምርመራው ደህና ተብሏል።
ሐኪሙ ጋ እስክንደርስ መድኃኒቱን ላቋርጥ?

መድኃኒት ቤት፦
አታቋርጥ። በሌላው ሰዓት ግፊቷ 140 ውስጥ ነው፤ ካቋረጥክ ስትሮክ የሚያስፈራበት ቦታ ትደርሳለህ። ሐኪሙን የምትጠይቀው ስለ ሰዓቱና ስለ ዓይነቱ ነው።
ኢናላፕሪል ጉልበቱ የሚበረታው ከተዋጠ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድም ውኃ የሚያወጣው በዋናነት በዚያው ሰዓት ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የተዋጠ መድኃኒት ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት ይከብዳል፤ ምሳ 7 ሰዓት ነው። ሁለቱ እላይ በላይ ይወድቃሉ። ራት ላይ የማይዛት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። አምሎዲፒን ቀኑን ሙሉ እኩል ስለሚሠራ ጥፋተኛ ለማድረግ ይከብዳል። ሐኪሙ ኢናላፕሪሉን ወደ ማታ ሊያዛውር፣ የሚያሸናውን ሊቀንስ ወይም ሊለውጥ ይችላል። ከለወጠ በኋላ ያንኑ የምሳ ልኬት ድገሙ፣ አለዚያ መሻሉን በምን ታውቃላችሁ?
በነገራችን ላይ ለእንቅልፍ ወይም ለነርቭ ሕመም አሚትሪፕቲሊን የሚወስዱ ከሆነ ተናገር፤ ያም ግፊት ያወርዳል። ወንዶች ላይ የፕሮስቴት መድኃኒት እንዲሁ።

የሌሊት ተረኛ፦
የ42 ነጥብ ውድቀት ነው፤ ተገኝቷል። የሦስተኛው ቀን ቁጥር ደግሞ ሕክምናውን ራሱ አሳይቶሃል፦ መጠኑ ሲያንስ ግፊቱም ብዙ አይወርድም። ሁለት እንጀራ ባንዴ ከሚቀርብ ግማሽ ግማሽ እየተደረገ በቀን አምስትና ስድስት ጊዜ ይቅረብ። ግፊትን ከሁሉ በላይ የሚያወርደው ቶሎ ወደ ስኳር የሚለወጥ ምግብ ነው፤ እንጀራው ይነስና ምስሩ፣ አይቡ፣ እንቁላሉ፣ ጎመኑ ይብዛ። በጣም ትኩስ ምግብም ያብሳል፣ ሽሮው ትንሽ ይብረድ። ጠላና ጠጅ ከምሳ ጋር አይሁን።
ከምግብ በፊት ከ350 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ ማለትም ሁለት ብርጭቆ ያህል፣ ይጠጡ። ልብ ድካም ወይም የኩላሊት ችግር ላለበት ሰው ይህ አይሠራም፣ ሐኪም ካልፈቀደ። ከበሉ በኋላ አንድ ሰዓት ተቀምጠው ይቆዩ፤ ሳህኑን ሌላ ሰው ያንሣ።
አንድ ክፉ ልማድ አለ፦ ሰው ሲያዞረው ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት። በዚህ ችግር ላይ ስኳሩ ራሱ ግፊቱን የበለጠ ሊያወርድ ይችላል። ያስተኙ፣ እግር ከፍ ይበል፣ ይለካ። ሰውየው ግን ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ (የስኳር ሕመም ክኒን) የሚወስድ ከሆነና መለኪያ ከሌለ ስኳሩን ስጥ፤ ስኳር መውረዱ የበለጠ አደገኛ ነው። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፍ ምንም አይሰጥ።

አዲስ አባል፦
ከምሳ በኋላ ቡናስ? ቡና ግፊት ይጨምራል ይባላል።

መድኃኒት ቤት፦
ለአንዳንዱ ይረዳል፣ ማስረጃው ግን ደካማ ነው፤ በልኬት ተመልከት። ከተሞከረም ከምግብ ጋር ወይም ቀድሞ ይሁን፤ ምሳ ተበልቶ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ አቦሉ እስኪደርስ ያ 45ኛው ደቂቃ አልፏል። ስኳርም አይብዛበት። ደም ማነስ ያለበት ሰው ደግሞ ቡናና ሻይን ከምግብ ያርቅ፣ ብረቱን እንዳይመጠጥ ያደርጋሉና።

ልጇ፦
አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። አንድ የቀረኝ፦ ጾም ሲገባ እስከ 9 ሰዓት ምንም አትቀምስም፣ ከዚያ ባንዴ ነው የምትበላው።

የሌሊት ተረኛ፦
ያ ለእሳቸው ከባዱ ቀን ነው፤ የሚያሸና መድኃኒት ወስደው ውኃ ሳይጠጡ ውለው፣ በአንድ ጊዜ ብዙ እንጀራ። ከመግባቱ በፊት የመድኃኒቱን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩበት፣ ለንስሐ አባታቸውም በሽታው ይነገር፤ ለታመመ ሰው ጾሙን የሚያቀሉበት አግባብ አላቸው። 9 ሰዓት ሲሆን መጀመሪያ ሁለቱን ብርጭቆ ውኃ፣ አሥር ደቂቃ ቆይተው ግማሽ እንጀራ፣ ቀሪውን 11 ሰዓት ላይ። የመጀመሪያውን ሳምንት ለካቸው።