አዲሱ ሱፕራ ሱፕራ ነው ወይስ ስሙ ብቻ?

ዲኤክስ ነፍሴ፣ አዳማ

ሰላም የመኪና ወዳጆች። እዚህ አዳማ እኛ ሰፈር ጋራዥ በር ላይ የሚሰበሰበው ልጅ ሁሉ የቶዮታ ስፖርት መኪና ሱፕራ በተነሳ ቁጥር ለሁለት ይከፈላል። እስካሁን የተስማማ የለም። እስቲ እናንተ ፍረዱን።

የድሮው ሱፕራ፣ ኤ80 የሚሉት፣ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 2002 ነው የተመረተው። ስሙን ያስጠራው 2ጄዜድ ሞተር ነው፤ 3 ሊትር፣ 6 ሲሊንደር በአንድ ረድፍ፣ ሁለት ተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው)። ከዚያ 17 ዓመት ዝም ተባለ። እ.ኤ.አ. 2019 ዲትሮይት ላይ አዲሱ ሲወጣ ቪዲዮውን ደጋግሜ ነው ያየሁት። ቅርጹ ልብ ያርሳል። ግን ኮፈኑ ሲከፈት የቢኤምደብሊው ሞተር! ካምቢዮውም ቢኤምደብሊው ላይ የሚገጠመው ነው። ወንበሩ ላይ ተቀምጠህ ቀኝ እጅህን ስትዘረጋ የምትነካት የስክሪን ማዞሪያ እንኳን የነሱ ናት። የሚገጣጠመው ደግሞ ጃፓን ሳይሆን ኦስትሪያ፣ ግራዝ ከተማ፣ ጣሪያው ከሚከፈተው ቢኤምደብሊው ዜድ4 ጋር በአንድ ፋብሪካ ነው። ይህም ሳይበቃ ምርቱ እ.ኤ.አ. 2026 ላይ እንደሚያበቃ ቶዮታ አስታውቋል።

እኔ ቶዮታን የወደድኩት በአባቴ ኮሮላ ዲኤክስ ነው። ያ መኪና ዛሬም ይሄዳል፣ ዛሬም ቤተሰብ ያገለግላል። ቶዮታ የሚለው ስም ላይ ያለኝ እምነት ከዚያ የመጣ ስለሆነ፣ ድርጅቱ ትልቁን ስሙን በሌላ ሰው ሞተር ላይ ሲለጥፈው ቅር ይለኛል። እናንተስ ምን ትላላችሁ? በተለይ መካኒኮች ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

የፍራንኮው መካኒክ፣ አዳማ

ልጄ፣ ቅር ቢልህ አልፈርድብህም። እኔንም ቅር ብሎኛል።

2ጄዜድን ሰው የሚያወራለት በፍጥነቱ ነው። እኔ ግን የምወደው በአሠራሩ ነው። ብሎኩ፣ ሲሊንደሮቹን የያዘው ዋናው አካል፣ አሉሚኒየም አይደለም፣ ድፍን ብረት ነው። ከባድ ነው፣ ግን ሙቀትና ግፊት ቢበዛበት በቀላሉ አይበገርም። ቶዮታ ያንን ሞተር የሠራው ለሱፕራ ብቻ እንዳይመስልህ፤ አሪስቶ የሚባለው ትልቅ የቤት መኪናም ላይ ገጥሞታል፣ ተርቦ የሌለው ወንድሙ ደግሞ ክራውንና ሌክሰስ ላይ ገብቷል። እነዚህ ሰው ለዓመታት የሚነዳቸው መኪኖች ናቸው። ስለዚህ ገና ሲነደፍ ሩቅ እንዲሄድ ነው የታሰበው። አሜሪካ የተሸጠው ሱፕራ ከፋብሪካ ሲወጣ 320 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ሰዎች ግን ብሎኩን ሳይነኩ፣ ፒስተኑን ሳይቀይሩ፣ ተርቦና ነዳጅ ብቻ ጨምረው እጥፍ አወጡበት። ይህ የሆነው ሞተሩ ከሚፈለግበት በላይ ጠንካራ ሆኖ ስለተሠራ ነው።

አዲሱ ሞተር መጥፎ ነው አልልም። በእጄ ፈትቼው ስለማላውቅ አልፈርድበትም። ግን ቶዮታ ብለህ ኮፈን ከፍተህ እያንዳንዱ ዕቃ ላይ የሌላ ድርጅት ምልክት ስታይ አንድ ነገር ይጎድላል። ሰው 17 ዓመት የጠበቀው የቶዮታን እጅ ነበር።

የሜካኒካል ተማሪ፣ አዳማ

ጋሼ፣ ስለ 2ጄዜድ ያሉት በሙሉ እውነት ነው። እኔ ግን አዲሱን ልከራከርለት ነው፣ ምክንያቱም ይህን መኪና ሰው ሳያጣራ ይፈርድበታል።

መጀመሪያ፣ የቶዮታ ስፖርት መኪና ብቻውን የተሠራበት ዘመን የት አለ? ሁሉም የሚሰግድለት 2000ጂቲ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1970 ከያማሃ ጋር የተሠራ ነው። አዲሱ ሱፕራ ጣሪያ ላይ ያሉት ሁለት ጎበጥ ያሉ ቅርጾች የዚያ መኪና መታሰቢያ ናቸው። እ.ኤ.አ. 2012 የወጣው 86 የሚባለው የቶዮታ ስፖርት መኪናም ሞተሩ የሱባሩ ነው። እዚህ ሁሉም የሚያነግሠው ኤ80 እንኳን ባለ ሁለት ተርቦው ላይ የሚገጠመው ባለ 6 ማርሽ ካምቢዮ ጌትራግ የሚባል የጀርመን ድርጅት ሥራ ነው። ያኔ ጀርመን ገባበት ብሎ ያለቀሰ የለም።

ሁለተኛው ነገር ለእኔ ትልቁ ነው። ሱፕራ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በአራቱም ትውልዱ 6 ሲሊንደር በአንድ ረድፍ ነበር። ቶዮታ አዲሱን ሲያስብ በእጁ እንዲህ ያለ ሞተር አልቀረውም፤ የነበረው ቪ6፣ ማለትም 6ቱ ሲሊንደር በሁለት ረድፍ የሆነው ነው። ቪ6 ገጥሞ መሸጥ ይችል ነበር፣ ርካሽም ነበር። ግን አላደረገውም። 6 ሲሊንደር በአንድ ረድፍ ሲሆን አንደኛውና ስድስተኛው ፒስተን፣ ሁለተኛውና አምስተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ጥንድ ጥንድ ሆነው ይወጣሉ ይወርዳሉ፤ የአንዱ ጥንድ ንቅናቄ የሌላውን ያጠፋዋል። ለዚህ ነው እንደዚያ ለስልሶ የሚዞረው፣ ድምፁም ያን ያህል የሚጣፍጠው። በጥቂት ቁጥር ለሚሸጥ መኪና አዲስ ሞተር ከዜሮ መንደፍ ደግሞ የማይቻል ወጪ ነው። ስለዚህ ይህን ሞተር አሳምሮ የሚሠራው ጋ ሄዱ። አዲሱ ሱፕራ ላይ ያለው የቢኤምደብሊው ቢ58 ሞተር እንደ 2ጄዜድ የብረት ብሎክ ባይኖረውም የሲሊንደሮቹ ዙሪያ ከላይ የተዘጋ ነው፤ ግፊት እንዲችል ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለውድድር የሚያስተካክሉት ልጆች በፍጥነት የወደዱትም ለዚህ ነው።

ስምን ብቻ መሸጥ ቢፈልጉ ኖሮ ዜድ4ን ጣሪያ አልብሰው ይሸጡት ነበር። የሱፕራው ዋና መሐንዲስ ቴትሱያ ታዳ የ86ም መሐንዲስ ነበር፤ ሰውየው ያሳሰበው በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ነበር። አዲሱ ላይ 2,470 ሚሊ ሜትር ነው፤ ኤ80 2,550 ነበር። አጭር በመሆኑ ኩርባ ላይ ቶሎ ይታጠፋል። ይህ የነጂ ሐሳብ ነው፣ የነጋዴ አይደለም።

ሐይቅ ዳር፣ ሀዋሳ

ከሀዋሳ ነኝ። እህቴ በደንብ አስረድተሻል፣ ሞተሩን በተመለከተ ካንቺ ጋር ነኝ። እኔን ያበሳጨኝ ሌላ ነው።

መኪናው ሲወጣ በእጅ የሚቀየር ማርሽ አልነበረውም! ሱፕራ ያለ ፍሪሲዮን! የጨመሩት እ.ኤ.አ. 2022 ላይ ነው፤ ያውም ወዳጆቹ ዓመታት ከጮኹ በኋላ። ይህ መጀመሪያ ቀን መኖር የነበረበት ነገር ነው። ሁለተኛ፣ ባለ 4 ሲሊንደር ሱፕራም ሸጠዋል፣ አንቺ የዘረዘርሽው የአራት ትውልድ ታሪክ እያለ። ሦስተኛ ደግሞ በሩ አካባቢና መብራቱ ጎን ያሉትን የአየር ማስገቢያ የሚመስሉ ቀዳዳዎች በደንብ እያቸው፤ ብዙዎቹ በፕላስቲክ የተደፈኑ ናቸው። አየር አያስገቡም። በስፖርት መኪና ላይ ሥራ የሌለው ቀዳዳ ለምን?

ይህን ሁሉ የምለው ስለምወደው ነው። በእጅ ማርሽ ያለው፣ ባለ 6 ሲሊንደሩ ላይ ግን ምንም አቃቂር የለኝም። እሱ ሱፕራ ነው፣ ደረቴን ነፍቼ እናገራለሁ። ሲጠናቀቅ ያወጡት የመጨረሻ እትም ደግሞ ለዓለም በሙሉ 300 ብቻ ነው፤ እሱን የሚያገኝ ሰው ዕድለኛ ነው።

ፈጣን መንገድ፣ አዳማ

ወንድሞቼ፣ እህቴም፣ ክርክሩ ደስ ይላል፤ አንድ ነገር ግን አልተነሳም። ይህ መኪና እኛ ጋ ቢመጣ ምን ይሆናል?

አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር ከፍ ትላለች፣ ሀዋሳ ወደ 1,700 ትጠጋለች፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 በላይ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፣ አየሩ ስለሚሳሳ። ስለዚህ ሱፕራና ተርቦ የሌለው የ86 ተተኪ ጂአር86 ይወዳደሩ ብትሉኝ፣ ወረቀት ላይ ያለውን ልዩነት ተዉትና እኛ አገር ልዩነቱ ይሰፋል፤ ተርቦው የሳሳውን አየር አምቆ ስለሚያስገባ ሱፕራው ብዙም አይደክምም። ለደጋ አገር የተሠራ ሞተር ነው ማለት ይቻላል።

መንገዱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የአዲስ አዳማ ፍጥነት መንገድ ላይ ይመቸዋል፤ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ለጥ ያለ አስፋልት። እዚያም ቢሆን ከ120 በላይ አይፈቀድም፣ እሱ 250 የሚገባ መኪና ነው። ክፍያ ጣቢያውን አልፈህ ከተማ ስትገባ ደግሞ ባጃጁ፣ ጋሪው፣ በየሰፈሩ ያለው ጉብታ አለ። የመኪናው ሆድ ከመሬት 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው ከፍታው። ጉብታው ላይ ይፈተጋል፣ በቃ።

ከሁሉም በላይ ግን መግቢያው ተዘግቷል። ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር አይገባም ተብሏል። ስለዚህ ቢኤምደብሊውም ይሁን ቶዮታ፣ ይህን ድምፅ አዳማ ላይ በጆሯችን የምንሰማበት ዕድል በጣም ጠባብ ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ እሱ ነው። የአሁኑ ልጅ ኤሌክትሪክ መኪና ይነዳል፣ ይሁን፣ ለአገር የሚበጅ ነገር አለው። ግን 6 ሲሊንደር ሲነሳ ደረት ላይ የሚሰማውን ነገር በስልክ ስፒከር ብቻ ሰምቶ እንዲያድግ አልፈልግም።

ዲኤክስ ነፍሴ፣ አዳማ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጌትራጉን ነገር ዛሬ ነው የሰማሁት፤ ጋራዥ በር ላይ ለሚጠብቁኝ ልጆች ይዤላቸው እሄዳለሁ።

መግቢያው ከተዘጋ እንግዲህ እጃችን ላይ ባለው እንጫወት። የአባቴ ዲኤክስ ወደ እኔ ሊዞር ነው። ሞተሩ 4ኬ ነው፣ ያው 1.3 ሊትር። የስፖርት ወግ እንዲኖረው ብፈልግ ከየት ልጀምር? ጋሼ እርስዎ ይንገሩኝ።

የሜካኒካል ተማሪ፣ አዳማ

ጋሼ እስኪመልሱልህ አንዲት ነገር ልበልህ። መኪናህን አትናቀው። ጃፓኖች ተራራ ላይ የሚያንሸራትቱት ኤኢ86፣ እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1987 የተመረተው ኮሮላ፣ አብዛኞቹ ወንድሞቹ በፊት ጎማ ወደሚጎተት አሠራር ሲቀየሩ እሱ በኋላ ጎማ የሚገፋ ሆኖ የቀረው የአንተን መኪና ትውልድ መሠረት ስለወረሰ ነው። የሞተሩ ልዩነት ሰፊ ነው፤ እሱ 1.6 ሊትር ባለ 16 ቫልቭ ነው። ከሥር ግን ዘመዳሞች ናቸው።

የፍራንኮው መካኒክ፣ አዳማ

እሷ እውነቷን ነው። ዲኤክስን የምወደው ኮፈኑን ስከፍት በሞተሩ ግራና ቀኝ መሬቱ ስለሚታየኝ ነው። እጅህ የማይደርስበት ቦታ የለም። ካርቡራተሩን በካቻቢቴ ይዘህ፣ በጆሮህ እየሰማህ ታስተካክለዋለህ።

ስለ ሞተር ቸኩለህ አታስብ። መጀመሪያ ፍሬኑን፣ ቀጥሎ የመሪውን መጋጠሚያዎች፣ ከዚያ ሞላውንና አሞርዛተሩን አድስ። ያረጀ መኪና ላይ ጉልበት ጨምረህ ፍሬን ከረሳህ አደጋ ነው። ይህን ከጨረስክ በኋላ 5ኬ ፈልግ። ላይትኤስና ታውንኤስ የሚባሉት የቶዮታ ትንንሽ ቫኖች ላይ ያለው፣ 1.5 ሊትር የሆነው ማለቴ ነው። የአንድ ቤተሰብ ሞተር ስለሆነ የ4ኬው ቦታ ላይ ይቀመጣል፣ ካምቢዮህም ይቀበለዋል፤ ብየዳ አያስፈልግህም። ሌላ ትልቅ ሞተር እናስገባ የሚልህን አትስማ፣ የመኪናውን ሚዛን ያበላሽብሃል።

ከዚያ በፊት ግን ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር አለ። ሞተሩን ስትገዛ ሕጋዊ ወረቀቱን አብረህ ተቀበል፣ ከመግጠምህ በፊት ደግሞ መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ አስመዝግብ። ዝም ብለህ ከቀየርከው ቦሎ ልታወጣ ስትሄድ ይያዛል። ቅዳሜ መኪናውን ይዘህ ና፣ ፍሬኑን አብረን እናየዋለን።