በሰመራ ሙቀት የውሃ ቀለም አስቸገረኝ
ሥራዬ የመንገድ ቅየሳ ነው። የወሩን ግማሽ ሰመራና ሎግያ አካባቢ ነኝ፤ አዲስ አበባ ስመለስ ደግሞ ልጆቼ ብሩሽ አያስይዙኝም። ስለዚህ የምስለው መስክ ላይ ብቻ ነው። ያለኝ ትንሽ የውሃ ቀለም ሳጥን፣ ሁለት ብሩሽና በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ወፍራም ወረቀት ነው። ሰማዩን ቀብቼ ሳልጨርስ ጠርዙ ደርቆ መስመር ይሠራል። ወረቀቱን በሁለቱም በኩል አርሼ ሞከርኩ፤ ትንሽ ይቆያል እንጂ አያዛልቅም። በጠዋቱ ቅዝቃዜ እንዳልሠራ መኪናው 12 ሰዓት ላይ ይነሳል። ማታ ከፎቶ መሳሉ አልጣመኝም፣ ብርሃኑ ይሞታል። አክሪሊክ ቀለም ያው ቶሎ ይደርቃል፤ የዘይት ቀለም ደግሞ ሳይደርቅ ሻንጣ ውስጥ አይገባም። በምሳ እረፍት፣ ጥላ ሥር፣ በግማሽ ሰዓት ሰፊ ሰማይ ያለ መስመር ለመቀባት ውሃው ላይ ምን ልጨምር፣ ወይስ ወረቀቱን ልቀይር?